ቶንዶሱን አስቀምጡት፦ ሻካራ ፀጉር ያለውን ቴሪየር ቤት ውስጥ በእጅ መንጨት

እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ውሻዬ ዳማ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። እኔ ጎንበስ ብዬ ጀርባውን እነጫለሁ። ወለሉ በፀጉር ተሸፍኗል። «ምን ዓይነት ዶሮ ነው የምትነጪው?» አለችኝ። ውሻ መሆኑን ስታይ ሳቋ አላቆም አለ። «ታዲያ ውሃ አፍልተሽ አትነክሪውም?» ብላ አሾፈችብኝ።

ዶሮ በፈላ ውሃ ተነክሮ ነው ላባው የሚለቀው። ቴሪየር የሚባለው የውሻ ዓይነት ፀጉሩ ግን ውሃ አይፈልግም፤ እንዲያውም ውሃ ሥራውን ያበላሻል። ይበልጥ የሚመስለው የሽምብራ ነቀላን ነው። ሽምብራ ሲደርቅ ሳብ ሲያደርጉት ከነሥሩ ይመጣል። እሸት ሳለ ግን አልለቅም ይላል፤ ቢታገሉት ይበጠሳል። የውሻውም ፀጉር እንደዚያው ነው። የደረሰው ይነቀላል፤ ያልደረሰው ይቆያል።

ዳማ ቦርደር ቴሪየር ነው። ስሙን ያወጣሁለት በመልኩ ነው፤ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጫፍ ጫፉ የጠቆረ፣ ልክ እንደ ዳማ ፈረስ። ዘሩ የመጣው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር፣ ከቼቪየት ኮረብቶች አካባቢ ነው። የቀበሮ አዳኞች ፈረስ ተከትሎ የሚሮጥበት እግር ያለው፣ ቀበሮ ተከትሎም ጉድጓድ የሚገባ ቀጠን ያለ ውሻ ፈልገው ያራቡት ነው። የውሻ ዘሮችን የሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ እንደ ራሱን የቻለ ዘር የተቀበለው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ዝናብና እሾህ የሚችል ካፖርት ያስፈልገዋል። ካፖርቱ ደግሞ ፀጉሩ ነው።

ቶንዶስ ምን ያበላሻል?

የእነዚህ ውሾች ፀጉር ድርብ ነው። ላይኛው እንደ ሽቦ ጠንከር፣ ሻከር ያለ ነው። ዝናብ ያንሸራትታል፤ ጭቃ ሲደርቅ ይራገፍለታል። ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ሙቀት የሚይዝ ሌላ ፀጉር አለ። ላይኛው ያድግና ዕድሜውን ይጨርሳል። ግን አብዛኛው በራሱ አይረግፍም። ሥሩ ላልቶ፣ ሞቶ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ድሮ ቁጥቋጦና እሾህ ውስጥ ሲሹለከለክ ጥቂቱ እየተያዘ ይነቀልለት ነበር። ሶፋ ላይ ለሚውል ውሻ ግን ይህን ሥራ የሚሠራለት ሰው ነው።

ቶንዶስ ይህን የሞተ ፀጉር ከመሃሉ ይቆርጠዋል። ጠንካራውና ቀለም ያለው ጫፉ ነበር፤ እሱ ሄደ። ቆዳው ላይ የሚቀረው ቀጭኑና ፈዛዛው የሥር ወገን ነው። ለስላሳው የውስጥ ፀጉር ደግሞ ብቅ ይላል። ይህ ሲደጋገም ውሻው ይለሰልሳል፤ ቀለሙ ይወይባል፤ ከዝናብ ሲገባ እንደ ፎጣ ውሃ ጠጥቶ ይገባል።

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። ዳማ ዓመት ሲሞላው አንድ የውሻ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። እኔም በደንብ አልጠየቅኩ፣ እነሱም አልነገሩኝ፤ በማሽን ላጭተው መለሱልኝ። የወሰድኩት ዳማ ነበር፤ የተረከብኩት አመድማ ግልገል ነው። ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ዓመት ተኩል ያህል ፈጀብኝ። የመንጫውን ቢላዋ የገዛሁት ያኔ ነው።

ደርሷል ወይስ እሸት ነው?

ከሁሉም በፊት ይህን ፈትሹ። ከማጅራቱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ፣ ጀርባው ላይ፣ አሥር ያህል ፀጉር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፉን ያዙ። ወደ ጭራው አቅጣጫ ሳብ አድርጉ። ያለ ትግል ከወጣና ውሻው ዞር ብሎ እንኳ ካላያችሁ ደርሷል። ቆዳው አብሮ ከተነሳና ፀጉሩ ከያዘ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ።

በዓይንም ይታወቃል። የደረሰ ፀጉር ይንጨባረራል። ጀርባው ላይ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወድቃል። ውሻው ከእንቅልፉ የተነሳ ሽማግሌ ይመስላል። አብዛኛው ቦርደር እዚህ ደረጃ የሚደርሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። ለሰርግ ፎቶ ወይም እንግዳ ይመጣል ብላችሁ አታጣድፉት። እሸት ፀጉር መንጨት ውሻውን ያሳምመዋል፤ አንዴ ካመመው ደግሞ ሁለተኛ ጠረጴዛው ላይ አይወጣላችሁም።

በዚህ መንገድ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፦ ዋየር ፎክስ ቴሪየር፣ ዌልሽ፣ ሌክላንድ፣ አይሪሽ፣ ኬርን፣ ኖርፎክ፣ ኖርዊች፣ ስኮቲሽ፣ ዌስቲ፣ ሻካራ ፀጉር ያለው ጃክ ራስል። ኤርዴልም አለ፤ በዮርክሸር ከኤር ወንዝ ሸለቆ የመጣው፣ ከቴሪየሮች ሁሉ ግዙፉ። የኤርዴል ባለቤት ከሆናችሁ ከአሁኑ እግዜር ጉልበቱን ይስጣችሁ።

ግን ቴሪየር የተባለ ሁሉ አይነጭም። ቤድሊንግተን፣ ኬሪ ብሉ፣ ሶፍት ኮትድ ዊተን ፀጉራቸው ለስላሳ ስለሆነ የሚስተካከሉት በመቀስ ነው። ዮርክሸር ቴሪየር ደግሞ እንደ ሐር የሚረዝም ፀጉር ነው ያለው። እሱን ልንጭ ማለት ግፍ ነው።

ዘሩ ትክክል ሆኖም መተው ያለበት ውሻ አለ። ቆዳው የቆሰለ፣ ያበጠ ወይም ብጉር ያወጣ ውሻ አይነካም። ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን በሽታ ያለበት፣ ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ውሻ ቆዳው ይሳሳል፤ እሱም አይነጭም። ጥርጣሬ ካለ የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ ነው። የተኮላሸ ውሻ ፀጉሩ እየለሰለሰ፣ እየበዛና አልለቅም እያለ ሊመጣ ይችላል። ይህ ጥፋታችሁ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዕቃዎቹ

ሱቅ ገብታችሁ አትክሰሩ። ዋናው መሣሪያ ጣት ነው። ብዙ የድሮ ሰዎች እስከ ዛሬ በጣት ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ፀጉሩ በደንብ ከደረሰ ከጣት የሚበልጥ ነገር የለም።

ጣት እንዳይንሸራተት የጣት ላስቲክ አለ፤ ወረቀት የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያጠልቁት ዓይነት። ካጣችሁ የላስቲክ ጓንት ጣቶቹን ቆርጣችሁ አጥልቁ። ትንሽ የጠመኔ ዱቄትም ፀጉሩን ያደርቀዋል፤ ለመያዝ ይመቻል። ፊቱ አካባቢ ግን አትነስንሱት፤ ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ከእሳተ ገሞራ አረፋ የሚሠራ ቀላል ድንጋይም ይሸጣል፣ ተረከዝ የምናሽበት ድንጋይ ዘመድ ነው። ለአጫጭሩና ለሚያዳልጠው ፀጉር እኔ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ቢላዋ። ስትሪፒንግ ናይፍ ይሏታል። አጭር እጀታ ያላት፣ አንድ ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት ናት። ቢላ ትባል እንጂ ሥራዋ መቁረጥ አይደለም። ፀጉሩን ጥፍር አድርጋ ትይዝላችኋለች፤ የሚነቅለው ክንዳችሁ ነው። ሰፋፊ ጥርስ ያላት ለጀርባና ለጎን ነች። ደቃቅ ጥርስ ያላት ለራስና ለአንገት። ለጀማሪ አንዲት መካከለኛ ትበቃለች። ግራኝ ከሆናችሁ ለግራ እጅ የተሠራም ስላለ ስትገዙ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። አዲስ ቢላ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ስለታም ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለታም ከሆነ ደግሞ ይቆርጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከካርቶኑ አውጥቼ በቀጥታ ጎኑ ላይ ጀመርኩ። አንድ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳደርግ ፈር ወጣ፤ የታረሰ ማሳ የመሰለ፣ ነጣ ያለ መስመር። ለሁለት ወር ያየው ሰው ሁሉ «ምን ነካው?» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ቢላውን መጀመሪያ አዶልዱሙት። ሻካራ ጡብ ወይም ድንጋይ ላይ ጥርሱን ወዲያ ወዲህ ደጋግማችሁ ፈትጉት። ከዚያ በእጃችሁ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ከቧጨራችሁ ገና ነው።

ሥራ ላይ ሳላችሁም የምትፈትሹበት መንገድ አለ። የወጣውን ፀጉር መዳፋችሁ ላይ አድርጉና እዩት። ሙሉ ርዝመት ካለው፣ በሥሩ በኩልም ሳሳና ነጣ ካለ ተነቅሏል። ቁመቱ አጭር ከሆነና ድንገት ከተቋረጠ ግን እየቆረጣችሁ ነው።

ሱቅ ውስጥ ማርስ ኮት ኪንግ የሚባል፣ እንደ መንጠቆ የታጠፉ ብዙ ምላጮች ያሉት መሣሪያም ታያላችሁ። የበዛ የውስጥ ፀጉር ለማሳሳት ጥሩ ነው። ግን ስለት አለው፤ ይቆርጣል። በእሱ አበጥሬ ነጨሁት የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

ሌላው ቀላል ነው፦ የብረት ማበጠሪያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ትንሽ መቀስ፣ ፀጉር የሚያሳሳ ጥርስ ያለው መቀስ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከሥራው በፊት ባለው ሳምንት ውሻውን አትጠቡት። የታጠበ ፀጉር ይለሰልሳል፤ ከጣት ያመልጣል። የመጀመሪያ ጊዜ እኔ «ንጹሕ ይሁን» ብዬ በሻምፖ አጥቤ፣ በማድረቂያ አድርቄ ጀመርኩ። ሳሙና እንደ መያዝ ነበር። ጭቃ ካለበት ደርቆ ሲያበቃ በብሩሽ አራግፉለት፤ ይበቃል። ስትቦርሹ ቆዳውንም እዩ። መዥገር፣ ቁንጫ፣ እብጠት ካለ አሁን ነው የሚታየው።

ረጅም ወክ አድርጉት። የደከመ ውሻ ይቆማል። ከዚያ ወገባችሁ ድረስ የሚደርስ ጠረጴዛ ላይ አውጡት፤ ከሥሩ የመታጠቢያ ቤት የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉ። እግሩ ከተንሸራተተ ይፈራል፤ ከፈራ አይቆምም። አንገቱን በገመድ አስራችሁ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። ቢዘል ይታነቃል። ስልክ ቢጮኽ ይጩኽ፤ በር ቢንኳኳ ውሻውን አውርዳችሁ ክፈቱ።

ጉርሻ አዘጋጁ። የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም፣ ጥፍር በምታክል ቁራጭ። ከእኛ ቤት ስለሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ከወጥ ላይ አንስታችሁ እንዳታጎርሱት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ። ዘቢብም ለኩላሊቱ መርዝ ነው።

ቡችላ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የሚጎፈረውን የቡችላነት ፀጉር በመንቀል ማለማመድ ይጀመራል። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ጥቂት ፀጉር፣ ብዙ ጉርሻ። ትልቅ ሲሆን ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ የሚያንቀላፋው እንዲህ ያደገው ነው።

አያያዙ

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ግራ እጃችሁ ቆዳውን ይወጥራል። ከምትነጩት ቦታ ትንሽ ከፍ ብላችሁ መዳፋችሁን አሳርፉና ቆዳውን ከመሳቡ በተቃራኒ አቅጣጫ ወጥራችሁ ያዙት። የቦርደር ቆዳ ወፍራምና ልል ነው፤ ካልተወጠረ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ይመጣል። ውሻውን የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ የፀጉሩ መነቀል ሳይሆን የቆዳው መጎተት ነው።

ቀኝ እጃችሁ ቢላዋን ይይዛል። እጀታዋ መዳፍ ውስጥ፣ ጥርሷ ወደ አውራ ጣት። ጥቂት ፀጉር፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ በአውራ ጣታችሁ ቢላዋ ላይ ጫን አድርጉ። ወደ ቆዳው ጠልቃችሁ አትግቡ። ብዙም አትዝገኑ። እፍኝ ሙሉ ከያዛችሁ ደርሷልም አልደረሰም ያሳምመዋል።

አሁን ሳቡ። አቅጣጫው ፀጉሩ የተኛበት ነው፤ ጀርባ ላይ ወደ ጭራ፣ ጎን ላይ ወደ ኋላና ወደ ታች። እጃችሁ ከሰውነቱ ጋር ጎን ለጎን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሂድ እንጂ ወደ ሰማይ አይነሳ። ዋናው ምስጢር የእጃችሁ አንጓ ነው፦ አይታጠፍ። የሚንቀሳቀሰው ክርናችሁና ትከሻችሁ ነው። አንጓ ሲጠማዘዝ ቢላዋ ትዞራለች፤ ስትዞር ደግሞ ትቆርጣለች። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም ሲደክመኝ እስከ ዛሬ እሳሳታለሁ።

አጭር ሳብ፣ ጥቂት ፀጉር፣ እንደገና። ምት አለው፤ ቡና እንደመውቀጥ ነው። አንዴ ምቱ ከገባችሁ ውሻውም ይለምደዋል።

ቅደም ተከተሉ

1. ከትከሻው መሃል ጀምሩና ጀርባውን እስከ ጭራው ሥር ጨርሱ። እዚህ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ብዙም አይሰማውም። ለእናንተም ለእሱም መለማመጃ ይሆናል።

2. ወደ ጎኖቹ ውረዱ። የጎድን አጥንቱ አካባቢ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል። ሽንጡ ጋ ስትደርሱ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በኋላ፣ ቆዳው ይሳሳል። ቢላዋን አስቀምጡና በጣት ቀጥሉ።

3. ማጅራትና ትከሻ። አንገቱ ጎን ላይ ፀጉሩ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ የሚዞርበት ክብ ቦታም አለ። መጀመሪያ በጣት ዳስሳችሁ ወዴት እንደተኛ እወቁ፣ ከዚያ ተከተሉት።

4. የታፋ ውጪውና የፊት እግር ውጪው። የእግር አጥንት ላይ ቆዳው ቀጭን ነው፤ እዚህ ጣት ይሻላል።

5. ጭራ። የቦርደር ጭራ ሥሩ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ነው፤ ሰዎች ካሮት ይሉታል። ካሮት እስኪመስል ንጩት። ከታች በኩል፣ መቀመጫው ጋ፣ አትጎትቱ።

6. ደረት፣ ራስ፣ ጆሮ። እነዚህን ለመጨረሻ ቀን አቆዩ።

መጨረሻ ቀን ያልኩት በአንድ ቀን ስለማያልቅ ነው። የለመደ ሰው በሁለትና በሦስት ሰዓት ይጨርሳል። እናንተ ግን በቀን ከ45 ደቂቃ አትለፉ። መጀመሪያ ቀን ጀርባና ጎን፣ በሁለተኛው አንገትና ታፋ፣ በሦስተኛው ራስ። መሃል መሃል አንድ ቀን ዝለሉ፤ የእናንተም አውራ ጣት ማረፍ አለበት። ብቻ ጠቅላላው በአሥር ቀን ውስጥ ይለቅ፤ ካለዚያ አዲሱ ፀጉር አንዱ ቦታ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይበቅላል። በእነዚህ ቀናት መሃል ውሻችሁ ግማሹ የተነጨ፣ ግማሹ የጎፈረ ሆኖ መንገድ ላይ ይሄዳል። ይሳቁ፤ ያልፋል።

«ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ያያል» ይባላል። ይህ ሥራም ሰውን ጓያ ነቃይ ያደርጋል። አንዲት ቦታ ላይ ታፈጣላችሁ፤ «ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ» ትላላችሁ፤ ቀና ስትሉ መዳፍ የሚያህል ራቁት ወጥቷል። በየአምስት ደቂቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ውሻውን በሙሉ እዩት። ማበጠሪያ አሳልፉለት፤ የተረፈው ረጅም ፀጉር ብቅ ይላል።

ውሻውንም አንብቡት። ከንፈሩን ከላሰ፣ ያለ እንቅልፍ ካዛጋ፣ እጃችሁን ዞር ብሎ ካሸተተ «በቃኝ» እያለ ነው። ቆዳው ትንሽ ቀላ ቢል የተለመደ ነው። የደም ነጠብጣብ ካያችሁ ግን እዚያ ቦታ ላይ አቁሙ፤ በዚያ ቀን አትመለሱበት።

ፊትና ስስ ቦታዎች

የቦርደር ራስ የዘሩ መታወቂያ ነው። የዘሩ መልክ ምን መምሰል እንዳለበት የሚናገረው መለኪያ እንኳ ኦተር ከሚባለው የወንዝ አውሬ ጋር ነው የሚያመሳስለው፦ ሰፊ አናት፣ አጭር አፍ፣ ጠፍጣፋ ግንባር። ስለዚህ አናቱና ጉንጩ አጥሮ ይነጫል፤ አገጩ ላይ ትንሽ ጢም ትቀራለች፤ ቅንድቡ ዓይኑን እንዳይሸፍን ይሳሳል። ዋየር ፎክስ፣ ኤርዴል ወይም ዌልሽ ካላችሁ በተቃራኒው ጢሙና ቅንድቡ ረዘም ብሎ ይቀራል፤ የእግሩም ፀጉር እንደ ቦላሌ ሞላ ብሎ ይተዋል። ኬርን ደግሞ የተሠራ እንዳይመስል ሆኖ ነው የሚሠራው። ለእኔ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው።

ፊት ላይ ቢላ የለም፤ ጣት ብቻ። አገጩን በግራ እጃችሁ ደገፍ አድርጉና ሁለት ሦስት ፀጉር እያላችሁ ንቀሉ። ዓይን አጠገብ ያለውን ወደ ውጪ፣ ከዓይኑ አርቃችሁ ሳቡ። ጆሮው ላይ የጆሮውን ቅጠል በሁለት ጣት መሃል አጣጥፋችሁ ያዙ፤ ካልተያዘ ያመዋል።

ጉሮሮ፣ ብብት፣ ሆድ፣ ብሽሽት፣ የታፋ ውስጥ፣ የመቀመጫው ዙሪያ አይነጭም። ነጥብ። በዚያ ጥርስ ባለው መቀስ አሳሱት። ብልቱና መቀመጫው ጋ ጫፉ ክብ የሆነውን መቀስ ተጠቀሙ። መዳፉ ሥር፣ በጣቶቹ መሃል የበቀለውንም እንዲሁ ከርክሙለት፤ ጭቃና በረዶ የሚቋጥረው እሱ ነው።

ከሥራው በኋላ

ላይኛው ሲያልቅ ውሻችሁ በውስጥ ልብስ የቆመ ይመስላል። ፈዛዛ፣ ለስላሳ፣ ከሲታ። አትደንግጡ። የውስጡ ፀጉር በጣም ከተቋጠረ በደቃቅ ማበጠሪያ ትንሽ አሳሱለት፤ ሁሉንም ግን አትጨርሱበት፣ በተለይ ክረምት ከሆነ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠቆር ጠቆር ያሉ አዳዲስ ጫፎች ሲወጡ በእጃችሁ ይሰማችኋል። በስምንት ሳምንት ገደማ አዲሱን ካፖርት ለብሷል። ዳማን መጀመሪያ ጊዜ በትክክል የነጨሁት ጊዜ የወጣው ቀይነት ቤት ውስጥ ሁሉንም አስገርሟል።

እስከዚያ ድረስ ይጠበቅ። ከቀዘቀዘ ልብስ አልብሱት፤ ቆዳው ነጣ ያለ ከሆነና ፀሐይ ከበረታ ጥላ ይፈልጋል። ሰውነቱን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። እኔ ሻምፖ ለመንካት አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ካለውም ቆዳው ቀልቶ ሳለ አታድርጉበት፤ እስኪረጋጋ ቆዩ። ጥቃቅን ብጉር ብቅ ብሎ በጥቂት ቀን ካልጠፋ፣ ወይም ውሻው እያከከ ከተቸገረ፣ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ሙሉ ነጨታ የሰለቸው ሰው ሌላ መንገድ አለው። በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ረጅም ረጅሙን ብቻ መልቀም። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የደረሰም፣ መሃል ላይ ያለም፣ አዲስ የበቀለም ፀጉር አብሮ ይኖራል። ውሻው ዓመቱን ሙሉ አይጎፍርም፤ ራቁቱንም አይቀርም። እኔ አሁን ወደዚህ ዞሬያለሁ። ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ፣ ዳማ ጭኔ ላይ ተኝቶ፣ ቢላ እንኳ ሳልይዝ እለቅማለሁ። ለጀማሪ ግን አንዴ ሙሉውን ነጭቶ፣ ከአዲሱ ፀጉር ጀምሮ ወደዚህ ቢገባ ይቀለዋል።

አሁን ወደ ተኮላሸው ውሻ ልመለስ። ፀጉሩ ሱፍ ሆኖ አልለቅ ካለ፣ ወይም ውሻው አርጅቶ መቆም ካቃተው፣ ቶንዶሱን አንሱ። ርዕሱ ላይ አስቀምጡት ብዬ ነበር፤ ያኔ ግን ተውኝ። ቀለሙ ይፈዝዛል፤ ከሥቃዩ ግን ፍዘቱ ይሻላል። ለውድድር የምናዘጋጀው አይደለም፤ ቤታችን የሚኖር ነው።

ቢላዋን ከፀጉርና ከቅባት አጽዱ፤ አድርቁና ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ፤ ዝገት ጥርሱን እንደገና ሻካራ ያደርገዋል። የተነቀለውን ፀጉር ብዙ ሰው ወፎች ጎጆ ይሥሩበት ብሎ ዛፍ ላይ ያንጠለጥላል። ደግነቱ ጥሩ ነበር። ግን የቁንጫ መድኃኒት የተደረገበት ውሻ ፀጉር መርዙን ይዞ ይቆያል፤ ጫጩቶቹን ይጎዳል። በላስቲክ ቋጥሩትና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።